ለበረዶ ወራት የመንገድ ጨው ሲገዛ፦ የትኛው ዓይነት፣ በየትኛው ውል?

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ዙሪያ ያሉ ከተሞች ለመጪው የበረዶ ወራት የሚያስፈልጋቸውን የመንገድ ጨው መጠን የሚገምቱት ያለፈው በረዶ ገና ቀልጦ ሳያልቅ ነው። ግምቱ ከተላከ በኋላ ጨረታ ይወጣል፣ ውል ይፈረማል፣ ጨውም እስከ ኖቬምበር ድረስ በወንዝ ጀልባና በከባድ መኪና እየተጓጓዘ መጋዘን ይገባል። የመጀመሪያው ከባድ በረዶ በሚጥልበት ሌሊት ከተማው ጨው ይበቃው ወይም ያጥረው እንደሆነ ከወራት በፊት በወረቀት ላይ ተወስኖ አልቋል ማለት ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው በዚያ ውሳኔ ውስጥ ድርሻ ላላቸው ሰዎች ነው፤ በከተማ የመንገድ ሥራ ወይም የግዥ ክፍል ለሚሠሩ፣ በከተማ ምክር ቤት ለሚቀመጡ፣ በበጀት ስብሰባ ላይ ተነሥተው መጠየቅ ለሚፈልጉ ነዋሪዎችም ጭምር። ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ያለው ቤተ ክርስቲያን ወይም የማኅበር አዳራሽ የሚያስተዳድሩ ወገኖችም ስለ ጨው ዓይነቶችና ስለ አቀማመጥ የተጻፈውን ክፍል ለራሳቸው ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

አቋሜን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ። አብዛኞቹ ከተሞች የሚያወዳድሩት የአንድ ቶን ዋጋን ነው፤ በጨረታ መክፈቻው ዕለት ጎልቶ የሚታየው ቁጥርም እርሱ ነው። ነገር ግን ከተማው የሚከፍለው የቶን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የሚከፍለው ለአንድ ሙሉ የበረዶ ወቅት ነው። በዚያ ውስጥ የተበተነው መጠን፣ ከመንገድ ላይ ተፈናጥሮ የባከነው፣ በዝናብ ታጥቦ ከክምሩ የፈሰሰው፣ ውሉ ያስገደደው ትርፍ፣ ወይም በጃንዩወሪ አጋማሽ በጭንቅ የተገዛው ውድ ጨው ሁሉ ይደመራል። በዚህ ሚዛን ሲታይ ከጨው ዓይነት ይልቅ የውሉ አንቀጾችና የመጋዘኑ ስፋት ይበልጥ ይመዝናሉ፤ እኔም ከሁሉ በፊት ሊወሰኑ የሚገባቸው እነዚህ ሁለቱ ናቸው እላለሁ። ሆኖም አብዛኛው ሰው በቅድሚያ የሚጠይቀው ስለ ዓይነቶቹ ስለሆነ ከዚያ እጀምራለሁ።

የማዕድን ጨው እና የሙቀት ጉዳይ

መሠረቱ ተራው የማዕድን ጨው፣ ማለትም ሶዲየም ክሎራይድ ነው። በአፋር ከሚቆረጠው አሞሌ ጋር በኬሚካል አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ ይህኛው ከምድር በታች በመቶዎች ሜትር ጥልቀት እየተቆፈረ፣ ተፈጭቶና ተነፍቶ የሚወጣ ነው። በቶን ከሚሸጡት በረዶ አቅላጮች ሁሉ ርካሹ እርሱ ስለሆነ ሌላውን ሁሉ የምናወዳድረው ከእርሱ ጋር ነው።

ድካሙ የሚገለጠው ብርዱ ሲበረታ ነው። የመንገዱ ወለል ሙቀት ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚሆንበት ጊዜ አንድ ኪሎ ጨው 46 ኪሎ ያህል ግግር በረዶ ያቀልጣል። ከዜሮ በታች 7 ላይ ሲደርስ ይህ መጠን ወደ 8.6 ኪሎ ይወርዳል፣ ከዜሮ በታች 12 ላይ ደግሞ ወደ 5 ኪሎ ይጠጋል። በቤተ ሙከራ የጨው ሙሙት፣ ማለትም በውኃ የሟሟ ጨው፣ እስከ ከዜሮ በታች 21 ዲግሪ ድረስ ሳይረጋ ይቆያል፤ በመንገድ ላይ ግን ከዜሮ በታች 9 ገደማ ካለፈ በኋላ ሥራው እጅግ ስለሚዘገይ ሠራተኞች አይተማመኑበትም። በሚኒሶታ ጃንዩወሪ ከዚህ በታች የሚወርዱ ቀናት ብዙ ናቸው። በእነዚያ ቀናት ጨው እየደጋገሙ መበተን ገንዘብንም ውኃንም ማባከን ነው። የሚለካውም የአየሩ ሳይሆን የወለሉ ሙቀት መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ፀሐይ የመታችው አስፋልትና ከሥሩ ነፋስ የሚገባበት ድልድይ በአንድ ሰዓት ውስጥ የተለያየ ሙቀት ሊኖራቸው ይችላል። ስለዚህ የወለል ሙቀት መለኪያ በበረዶ ጠራጊ መኪኖቹ ላይ ያልገጠመ ከተማ ውድ የሆኑ ኬሚካሎችን ከማወዳደሩ በፊት ይህንን መሣሪያ ቢገዛ ይሻለዋል።

ሙሙቱን ቀድሞ መርጨት

ሁለተኛው አማራጭ አዲስ ማዕድን አይደለም፤ ያንኑ ጨው በውኃ አሟሙቶ በረዶ ከመጣሉ በፊት በመንገድ ላይ መርጨት ነው። ሙሙቱ በክብደት 23.3 በመቶ ጨው ሲይዝ የመርጊያ ነጥቡ ከሁሉ ዝቅ ይላል። ከዚያ ቢቀጥንም ቢወፍርም በቶሎ ይረጋል፤ ስለዚህ ከተማው በእያንዳንዱ ዙር የሙሙቱን ጥግግት መለካት ግዴታው ነው። ከአንድ የአሜሪካ ቶን፣ ማለትም ከ907 ኪሎ ጨው፣ ከ800 ጋሎን በላይ ሙሙት ይወጣል። ለአንድ ማይል የመንገድ መስመር ከ30 እስከ 50 ጋሎን የሚረጭ ሲሆን፣ 40 ጋሎን የሚይዘው ጨው 90 ፓውንድ ገደማ ብቻ ነው። በአንጻሩ በረዶው ከተነጠፈና መንገዱን ከያዘ በኋላ ለዚያው ርቀት በአንድ ጊዜ እስከ 300 ፓውንድ ደረቅ ጨው ሊበተን ይችላል።

ልዩነቱ የሚመጣው ሙሙቱ በረዶው ከወለሉ ጋር እንዳይጣበቅ ስለሚከላከል ነው፤ የተጣበቀውን ከማላቀቅ እንዳይጣበቅ ማድረግ ብዙ ያነሰ ጨው ይጠይቃል። በተጨማሪም ደረቅ ጨው ከመኪናው ሲወርድ እየነጠረ ወደ መንገድ ዳር ይሄዳል፤ በሚቺጋን በተደረገ ሙከራ ከደረቁ ጨው 30 በመቶ ያህሉ ከታለመለት ቦታ ውጭ ሲወድቅ፣ አስቀድሞ በሙሙት የረጠበው ጨው ግን ከሞላ ጎደል በመንገዱ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ ሙሙት ማዘጋጃ ገንዳና በመኪናው ላይ የሚገጠም ማርጠቢያ ለመግዛት የሚወጣው ገንዘብ በየዓመቱ ከሚገዛው ጨው ላይ ተቀንሶ ይመለሳል። በዚህ መመሪያ ውስጥ ካሉት ምርጫዎች ሁሉ ያለማመንታት የምመክረው ይህንን ነው።

ቀድሞ መርጨት የማይሆንባቸው ጊዜያትም አሉ። በረዶው በዝናብ የሚጀምር ከሆነ ሙሙቱ ታጥቦ ይሄዳል። የወለሉ ሙቀት እጅግ ከወረደ ደግሞ የተረጨው ራሱ ሊረጋ ይችላል። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ብዙ የበረዶ ቀናት በዝናብ ስለሚጀምሩ፣ የዚያ አካባቢ ከተሞች ሙሙት የመርጨት ውሳኔያቸውን ከትንበያው ጋር በጥንቃቄ ማያያዝ ይኖርባቸዋል።

ካልሲየም፣ ማግኒዥየም እና ሌሎቹ

ካልሲየም ክሎራይድ ከዜሮ በታች 29 ዲግሪ ድረስ፣ ማግኒዥየም ክሎራይድ ደግሞ ከዜሮ በታች 15 ገደማ ድረስ በመንገድ ላይ ያገለግላሉ። ሁለቱም እርጥበትን ከአየር ስለሚስቡ ቶሎ ሥራ ይጀምራሉ። ዋጋቸው ግን ከተራው ጨው ብዙ እጥፍ ነው፤ እርጥበት መሳባቸውም በመጋዘን ውስጥ ችግር ይሆናል። ከዚህም በላይ ከኮንክሪት ጋር ጠብ አላቸው። ሁለቱም በሲሚንቶው ውስጥ ካለው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ተዋሕደው ካልሲየም ኦክሲክሎራይድ የተባለ፣ እየተነፋ የሚሄድ ውሁድ ይፈጥራሉ፤ በመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ ብዙ የኮንክሪት መንገዶች በመገጣጠሚያቸው ላይ የሚፈራርሱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከተማው በቅርቡ የኮንክሪት መንገድ ሠርቶ ከሆነ ይህን ወጪ በሒሳቡ ውስጥ ሊያስገባ ይገባል።

ስለዚህ ካልሲየም ክሎራይድን እንደ ዋና ግዥ ሳይሆን እንደ መጠባበቂያ መቁጠር ይሻላል፤ ለድልድዮች፣ ለዳገቶች፣ ለሆስፒታል መዳረሻዎችና ብርዱ እጅግ ለሚበረታባቸው ቀናት የሚበቃ ጥቂት ሺህ ጋሎን በፈሳሽ መልክ ይዞ ደረቁን ጨው ለማርጠብ መጠቀም በቂ ነው። አቅራቢዎች አስቀድመው በማግኒዥየም ክሎራይድ አርጥበውና ቀለም ቀብተው የሚሸጡት ጨውም አለ፤ ዋጋው ከተራው ከፍ ይላል። የራሱ ማርጠቢያ ለሌለው ትንሽ ከተማ ይህ መልካም ምርጫ ሲሆን፣ መሣሪያው ላለው ግን ራሱ በርካሽ ሊሠራው ለሚችለው ነገር መክፈል ይሆናል። ዝገት የሚቀንስ ኬሚካል ተጨምሮበታል የሚባል ምርት ሲቀርብ ማስረጃ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በሰሜን ምዕራብ አሜሪካና በካናዳ ያሉ መንግሥታት በጋራ ያወጡት መስፈርት እንዲህ ያለው ምርት ከተራው ጨው ቢያንስ በ70 በመቶ ያነሰ እንዲያዝግ ይጠይቃል፣ ይህንኑ መስፈርት በጨረታ ሰነድ ውስጥ ማስገባት ይቻላል።

አሲቴት የሚባሉት ክሎራይድ የሌለባቸው ምርቶች ለአውሮፕላን ማረፊያዎች የሚመቹ ናቸው፤ ዋጋቸው ከተራው ጨው ከአሥር እጥፍ በላይ ስለሚሆን ለከተማ ጎዳናዎች የሚታሰቡ አይደሉም። ከስኳር ቀይ ሥር ተረፈ ምርት የሚዘጋጀው ፈሳሽ ሙሙቱ በመንገድ ላይ እንዲቆይ ይረዳል፣ የሚፈለገውንም ጨው መጠን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ወደ ሐይቅ ሲገባ በሚበሰብስበት ጊዜ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይሻማል፣ ፎስፈረስም ይጨምራል። ከተፈጥሮ የተገኘ መሆኑ ብቻ ለውኃ ደኅና ነው ማለት አይደለም።

አሸዋ ርካሽ ይመስላል። በረዶ አያቀልጥም፤ ለጎማ መያዣ ይሰጣል እንጂ። በረዶው ሲቀልጥ መንገድ መጥረግ፣ የጎርፍ መውረጃ ቱቦዎችን ማጽዳትና አሸዋውን ወስዶ መጣል የከተማው ሥራ ይሆናል። የዴንቨር አካባቢ በ1990ዎቹ አሸዋን እየቀነሰ ወደ ማግኒዥየም ክሎራይድ ያዘነበለው በመኪና ጎማ እየተፈጨ አየሩን የሚበክለው አቧራ ስላስቸገረው ነበር። ለዳገቶች፣ ለመስቀለኛ መንገዶችና ጨው ለማይሠራባቸው እጅግ ብርዳማ ቀናት ጥቂት አሸዋ መያዝ ይበቃል።

ውኃው የሚከፍለው

የጨው ዓይነት ሲነጻጸር ከዋጋ ዝርዝሩ የሚጎድል አንድ ትልቅ ወጪ አለ። ክሎራይድ አይበሰብስም፣ አይተንም፣ በተለመደው የውኃ ማጣሪያም አይወገድም፤ አንዴ ሐይቅ ወይም የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ከገባ በዚያው ይኖራል። የሚኒሶታ የብክለት መቆጣጠሪያ ድርጅት እንደሚያስተምረው አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አምስት ጋሎን ውኃን ለመበከል ይበቃል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ለውኃ ውስጥ ሕይወት ያስቀመጠው የረጅም ጊዜ መመዘኛ በአንድ ሊትር 230 ሚሊግራም ክሎራይድ ነው። በመንትዮቹ ከተሞች፣ ማለትም በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል አካባቢ፣ ከሚበተነው ጨው ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው በወንዝ ተጠርጎ እንደማይሄድና በአካባቢው ሐይቆች፣ ረግረጎችና የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ እንደሚቀር የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። በብሩክሊን ፓርክና በብሩክሊን ሴንተር አልፎ ወደ ሚኒያፖሊስ የሚወርደው ሺንግል ክሪክ እ.ኤ.አ. በ2007 በግዛቱ የመጀመሪያው የክሎራይድ ቅነሳ ዕቅድ የተዘጋጀለት ወንዝ ነው። በማዲሰን ዊስኮንሲን ደግሞ የመጠጥ ውኃ ጉድጓዶች ውስጥ ክሎራይድ ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ ከተማውን አሳስቧል።

ካልሲየም ወይም ማግኒዥየም በመግዛት ከዚህ ማምለጥ እንደማይቻል ምክር ቤቶች ማወቅ አለባቸው። ውኃ ያልያዘ ንጹሕ ሶዲየም ክሎራይድ በክብደቱ 61 በመቶ፣ ካልሲየም ክሎራይድ 64 በመቶ፣ ማግኒዥየም ክሎራይድ 74 በመቶ ክሎራይድ ነው። ሦስቱም ለውኃው ያው ናቸው፤ የሚረዳው መጠኑን መቀነስ ብቻ ነው። በጨረታ ሰነድ ላይ «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚል ቃል ያሰፈረ አቅራቢ በአንድ ማይል የመንገድ መስመር ስንት ፓውንድ ክሎራይድ እንደሚበተን በጽሑፍ እንዲያሳይ ይጠየቅ። ልጆቻችን የሚዋኙበትንና የምንጠጣውን ውኃ የሚመለከት ጥያቄ ስለሆነ በማስታወቂያ ቃል የሚታለፍ አይደለም።

ውሉን ማወዳደር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ብዙ የመንገድ ጨው ውሎች ዝቅተኛና ከፍተኛ ገደብ አላቸው። በሰፊው የሚታወቀው የ80 እና የ120 አንቀጽ ነው፤ ከተማው ከገመተው ቢያንስ 80 በመቶውን ሊገዛ ይገደዳል፣ አቅራቢውም እስከ 120 በመቶ ድረስ በዚያው ዋጋ ሊያቀርብ ይገደዳል። በኦሃዮ የግዛቱ ውል ጠበብ ብሎ ከ90 እስከ 110 ሲሆን ቆይቷል። ጠባብ ገደብ ለአቅራቢው እርግጠኝነት ስለሚሰጥ የቶን ዋጋን ሊያወርድ ይችላል፤ ሰፊው ደግሞ ለከተማው መተንፈሻ ይሰጣል።

በምሳሌ ለማሳየት፣ አንድ ከተማ 10,000 ቶን ገምቷል እንበል። ብርዱ ቀለል ብሎ 5,000 ቶን ብቻ ቢጠቀም፣ በ80/120 ውል 8,000 ቶን ሊረከብ ይገደዳልና 3,000 ቶን ወደሚቀጥለው ዓመት ያሻግራል። በ90/110 ውል ቢሆን የሚሻገረው 4,000 ይሆናል። ወቅቱ ከብዶ 13,000 ቶን ቢያስፈልገው፣ በመጀመሪያው ውል ከገደቡ በላይ የሚገዛው 1,000 ቶን ሲሆን በሁለተኛው 2,000 ይሆናል፤ ያንንም ሁሉም ከተማ በሚሻማበት ሳምንት፣ ሻጩ በሚጠራው ዋጋ ይገዛል። ስለዚህ ጠባቡ ውል በቶን የሚያተርፈው ጥቂት ዶላር ከዚህ አደጋ ጋር ተባዝቶ መታየት አለበት። የሚሻገረውን ጨው የሚያስቀምጥበት የተሸፈነ ቦታ የሌለው ከተማ ጠባብ ውል ሊፈርም አይገባውም።

ግምቱ ራሱ ከአንድ ዓመት ልምድ መወሰድ የለበትም። ቀላል ወቅት ካለፈ በኋላ አነስተኛ፣ ከባድ ወቅት ካለፈ በኋላ የበዛ ግምት መላክ የተለመደ ነው፤ ሁሉም ከተማ እንዲህ ሲያደርግ ደግሞ ገበያው አንድ ዓመት ይጥለቀለቃል፣ ሌላ ዓመት ይደርቃል። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ የነበረው ከባድ ብርድ የብዙ ከተሞችን መጋዘን ካራቆተ በኋላ፣ በቀጣዩ ጨረታ ሁሉም በአንድ ላይ ስለተሻማ ዋጋ ናረ፤ በኢሊኖይ አንዳንድ የአካባቢ መስተዳድሮች አንድም ተጫራች አላገኙም። የአሥር ዓመት አማካይ መጠን ይዞ፣ በመጋዘን የቀረውን ቀንሶ፣ አዲስ የተሠሩ መንገዶችን ደምሮ መገመት ከዚህ ሩጫ ያወጣል።

በማን በኩል እንግዛ የሚለው ጥያቄም አለ። ከተማው በግዛቱ የጋራ ግዥ ሊገባ፣ ከጎረቤት ከተሞች ጋር ሊጣመር ወይም የራሱን ጨረታ ሊያወጣ ይችላል። በጋራ መግዛት የመደራደር አቅም ይሰጣል፣ የሰነድ ሥራንም ይቀንሳል፤ ጉዳቱ መጠኑን በጣም ቀድሞ ማሳወቅ ማስፈለጉና የውሉን አንቀጾች መለወጥ አለመቻሉ ነው። የራስን ጨረታ ማውጣት ትርጉም የሚኖረው ግዥው ትልቅ ሲሆን ወይም ከተማው ከጨው ማራገፊያ ወደብ አጠገብ በመሆኑ የማጓጓዣ ዋጋው ዝቅ ሲል ነው። ከ3,000 ቶን በታች ለሚገዛ ከተማ የጋራው ግዥ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ የሚከተሉት በውሉ ውስጥ በግልጽ መጻፍ ይኖርባቸዋል፦ ትእዛዝ ከተሰጠ በኋላ ጭነቱ በስንት የሥራ ቀን እንደሚደርስ፣ ሲዘገይ በየቀኑ የሚቆረጠው መቀጫ፣ የነዳጅ ዋጋ ጭማሪ በማን ላይ እንደሚያርፍ፣ ዋጋው ማድረሻን የሚጨምር ወይም ጨውን ከወደብ ከተማው ራሱ አንሥቶ የሚወስደው መሆኑ፣ እንዲሁም ጨው ሲያጥር አቅራቢው ለየትኛው ደንበኛ ቅድሚያ እንደሚሰጥ። የመጨረሻው አንቀጽ ከብዙ ውሎች ይጎድላል፤ እጥረት ሲመጣ ግን ከሁሉ በፊት የሚፈለገው እርሱ ነው።

ጨው ከየት ይመጣል?

ተጫራቾችን ስናወዳድር ስማቸውን ብቻ ሳይሆን ማዕድን ማውጫቸውንና መንገዳቸውን ማየት አለብን። የዓለም ትልቁ የምድር ውስጥ የጨው ማዕድን በካናዳ ኦንታሪዮ፣ በጎደሪች ከሂውሮን ሐይቅ ሥር ይገኛል። በ2018 በዚያ የተደረገው ለወራት የዘለቀ የሠራተኞች አድማ በታላላቆቹ ሐይቆች ዙሪያ ያለውን አቅርቦት አጥብቦ ለዚያ ዓመት የዋጋ ጭማሪ አስተዋጽኦ አድርጓል። በክሊቭላንድ ከኤሪ ሐይቅ ሥር፣ በዲትሮይት ከከተማው ሥር፣ በኒው ዮርክ ግዛትና በሉዊዚያናም ማዕድኖች አሉ። ወደ ምሥራቅ ጠረፍ ከተሞች ደግሞ ከቺሊ በረሃ በመርከብ የሚመጣ ጨው ይገባል።

ለመንትዮቹ ከተሞች ከደቡብ የሚመጣው ጨው በሚሲሲፒ ወንዝ በጭነት ጀልባ ወደ ሴንት ፖልና በሚኒሶታ ወንዝ ላይ ወዳለው ሳቬጅ ይደርሳል። ይህ መንገድ በኖቬምበር መጨረሻ ወይም በዲሴምበር መጀመሪያ ይዘጋል፤ እንደገና የሚከፈተውም በማርች ገደማ፣ ወንዙ የሚያልፍበት የፔፒን ሐይቅ በረዶ ሲለቅ ነው። በሐይቆቹ በኩል ወደ ዱሉዝ የሚመጣው ደግሞ በሱፒሪየርና በሂውሮን ሐይቆች መካከል መርከቦችን የሚያሳልፉት «ሱ» የተባሉ የውኃ መዝጊያዎች ከጃንዩወሪ 15 እስከ ማርች 25 በሚዘጉበት ጊዜ ይቋረጣል። ስለዚህ በጃንዩወሪ አጋማሽ በአካባቢው ያለው ጨው ቀደም ብሎ የተከማቸው ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው በባቡር ወይም በከባድ መኪና ስለሆነ ዋጋው ይጨምራል። አንድ ተጫራች ሁለት ዶላር ቢያስወድድም ዲሴምበር ሳይገባ ምን ያህል ቶን በየትኛው ወደብ እንደሚያከማች በጽሑፍ ካረጋገጠ፣ ርካሽ ሆኖ ይህን ከማይናገረው ይመረጣል። ትልቅ ከተማ ከሆነ ግዥውን ለሁለት ከፍሎ በወንዙ ከሚያመጣ አንድ፣ በሐይቆቹ ከሚያመጣ ሌላ አቅራቢ ጋር መዋዋል ይችላል።

መጋዘን

አንድ ቶን ጨው 25 ኪዩቢክ ጫማ ያህል ቦታ ይይዛል፤ 10,000 ቶን ማለት 250,000 ኪዩቢክ ጫማ ነው። ከተማው የወቅቱን ፍላጎት ግማሽ እንኳ ማስቀመጥ ካልቻለ በውድ ወራት ገዢ ሆኖ ይቀራል፤ ሙሉውን ማስቀመጥ የቻለ ግን በጁላይና በኦገስት ዋጋ ሲረጋ፣ የጭነት መኪናም ሲገኝ ይሞላል። ሁለት ነገሮች አይታለፉም፦ ከላይ ጣሪያ፣ ከሥር ውኃ የማያሰርግ ንጣፍ። በሸራ ብቻ የተሸፈነ ክምር ነፋስ ሸራውን ባነሣ ቁጥር ይታጠባል፤ ታጥቦ የሚሄደውም የተከፈለበት ጨው ከመሆኑ ሌላ በቀጥታ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ የሚገባ ነው። ለተጨማሪ ቶን የተመደበ በጀት ካለና መጋዘኑ የሚያፈስ ከሆነ በዚያ ዓመት ገንዘቡ ለጣሪያው ይዋል።

የቤተ ክርስቲያን ወይም የማኅበር አዳራሽ ግቢ ለሚያስተዳድሩም ይኸው ይሠራል፤ ከረጢቶቹ ከመሬት ከፍ ብለው በደረቅ ቦታ ይቀመጡ። ከበረዶ ጠራጊው ድርጅት ጋር የሚደረገው ውል ደግሞ በተበተነው ጨው መጠን ሳይሆን በእያንዳንዱ ምልልስ ወይም በወቅት ቢሆን ይመረጣል፤ በፓውንድ የሚከፈለው ሰው ብዙ ለመበተን ምክንያት አለው።

ለማን የትኛው?

ከዜሮ በታች 15 በተደጋጋሚ በሚደርስበት እንደ ሚኒያፖሊስ ባለ ከተማ፣ መጋዘንና መሣሪያ ካለ፣ ተራ ጨው በ80/120 ውል፣ የራስ ሙሙት፣ ለማርጠቢያ የሚሆን ጥቂት የካልሲየም ክሎራይድ ፈሳሽና ለዳገት የሚሆን አሸዋ የተሻለው ጥምረት ነው። በመጋዘን የሚጠበውና መሣሪያ የሌለው አነስተኛ ከተማ አስቀድሞ የረጠበ ጨው በጋራ ግዥ ይግዛ፤ በሚቀጥለው ዓመት በጀት ግን ማርጠቢያውን ያስገባ። ብርዱ ለዘብ በሚልበት በዋሽንግተን አካባቢ ተራው ጨውና ሙሙቱ ይበቃሉ፤ ውድ ኬሚካል ለመግዛት ምክንያቱ አነስተኛ ነው። እዚያ ከዓመት ዓመት ያለው ልዩነት ትልቅ ስለሆነ ዝቅተኛ የግዥ ግዴታ ያለው ውል መፈለግ የበለጠ ይጠቅማል።

ርክክብ

ለመንገድ ጨው በአሜሪካ የሚሠራበት የኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ዲ632 ደረጃ ቢያንስ 95 በመቶ ሶዲየም ክሎራይድ እንዲሆንና ፍሬዎቹ በተወሰነ መጠን እንዲነፉ ይጠይቃል። የእርጥበት ገደብ በውሉ ውስጥ በቁጥር ይጻፍ፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ምን ያህል ከሒሳቡ እንደሚቀነስና ከየትኛው መጠን በላይ ጭነቱ እንደሚመለስም ይገለጽ፤ 3 በመቶ እርጥበት ያለው 1,000 ቶን ጨው ማለት 30 ቶን ውኃ በጨው ዋጋ መግዛት ነው። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ሲደርሱ የሚዛን ደረሰኙ ከከተማው ትእዛዝ ጋር ይመሳከር፣ ከክምሩ ከተለያየ ቦታ ናሙና ተወስዶ በታሸገ ዕቃ ይቀመጥ፣ ከፊሉ ወደ ቤተ ሙከራ ይላክ። ውጤቱ እስኪመጣ ክፍያው አይለቀቅ፤ የቀረው ናሙናም የወቅቱ ሒሳብ ተጣርቶ እስኪዘጋ ድረስ ቀኑና የመኪናው ቁጥር ተጽፎበት ከመጋዘኑ ኃላፊ ዘንድ ይቆይ።